ሽኮኮና አለት

በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ የገደል አፋፎች ላይ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ በቋጥኝ ላይ ተደርድሮ የሚሞቅ አንድ ትንሽ እንስሳ አለ። ጅራት የለውም፤ ጆሮው አጭርና ክብ፣ ፀጉሩ ከድንጋዩ መልክ የማይለይ ቡናማ፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ነው። መንገደኛ ሲያየው አንድም የአይጥ ወገን ነው፣ አንድም ጥንቸል ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህ እንስሳ ሽኮኮ ነው።

ሽኮኮ በታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለ ወገኑ የተመደበ ፍጡር ነው። ተርጓሚዎች ጥንቸል አደረጉት፤ የተፈጥሮ ሊቃውንት ከአይጥ ጋር ቆጠሩት፤ ከገደል ሥር የሚኖር ሕዝብም ጉዳት የሌለው ጎረቤት አድርጎ ሲያየው ኖረ። የስሕተቱ ምንጭ በየዘመኑ አንድ ነበር፤ ይኸውም የውጭውን መልክ አይቶ የውስጡን ሳይመረምሩ መፍረድ ነው። ስሕተቱ የታረመውም ውስጡ በተመረመረ ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ የእንስሳው የአካሉ ውስጥ፣ በኋላም የመኖሪያው የአለቱ ውስጥ። ይህ ሁለተኛው ምርመራ ደግሞ ድንጋይ የሚያፈነዱትን፣ መንገድ የሚቀዱትንና የቤት ቦታ የሚመርጡትን ባለሙያዎች በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙ ታሪክ

ሽኮኮ በጽሑፍ ከታወቀ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በዕብራይስጥ ሻፋን ተብሎ በኦሪት ዘሌዋውያን ከማይበሉት እንስሳት ተራ ተቆጥሯል፤ በመዝሙረ ዳዊት አለት መሸሸጊያው እንደ ሆነ ተነግሮለታል፤ በመጽሐፈ ምሳሌም ትንንሽ ሆነው ሳሉ ብልሃተኞች ከተባሉት አራት ፍጥረታት አንዱ ሆኖ ቀርቧል። ብልሃቱም ጉልበት ሳይኖረው ቤቱን በቋጥኝ ውስጥ ማድረጉ ነው።

መጽሐፉን ወደ ሰሜን አውሮፓ ቋንቋዎች የተረጎሙት ሊቃውንት ግን ይህን እንስሳ በአገራቸው አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ከሚያውቋቸው እንስሳት የቀረበ የመሰላቸውን ስም ወሰዱ፤ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም የጥንቸል ስም ገባለት። ከዚያም በፊት ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር የሚሉ አሉ። የፊንቄ መርከበኞች ወደ ምዕራብ ሜዲትራንያን ዳርቻ በደረሱ ጊዜ ጥንቸል በብዛት አይተው በአገራቸው የሚያውቁት ሽኮኮ መስሏቸው ምድሪቱን በሽኮኮ ስም ጠሯት፤ የእስፓኝ ስም ከዚያ የመጣ ነው ብለው የሚያስረዱ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። አስተያየታቸው ትክክል ከሆነ አንድ ትልቅ አገር ስሙን ያገኘው በእንስሳ አለመለየት ነው ማለት ነው።

የአማርኛ ተርጓሚዎች ግን እንዲህ ያለ ችግር አልገጠማቸውም። እንስሳው በየገደሉ ስለሚገኝ ሽኮኮን ሽኮኮ፣ ጥንቸልንም ጥንቸል ብለው ለይተው ጻፉ። ስሙ በአንዳንድ ቦታ «እሽኮኮ» ተብሎም ይነገራል። ልጅን በትከሻ ላይ አስቀምጦ መሸከምም በአማርኛ «እሽኮኮ» ማድረግ ይባላል። የሽኮኮ ግልገሎችም በእናታቸው ጀርባ ላይ መውጣት እንደሚወዱ ተመልካቾች ጽፈዋል።

ብሩስ በደብረ ፀሐይ

ይህን የአማርኛ ስም ወደ አውሮፓ የተፈጥሮ ታሪክ ያስገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት አካባቢ በቁስቋም ተቀመጠ። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው ተራራ፣ በደብረ ፀሐይ፣ በታላላቅ ድንጋዮች ሥርና በዋሻዎች ውስጥ ሽኮኮዎችን አየ። አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ «አሽኮኮ» ብሎ ሥዕሉን ከነገለጻው አወጣ። በእንስሳው ጀርባ ላይ ከሌላው ፀጉር ረዝመው የሚታዩትን ሻካራ ፀጉሮች ተመልክቶ፣ ስሙ «እሾህ» ከሚለው ቃል የመጣ ሳይሆን አይቀርም ሲል ገመተ።

ብሩስ በገለጻ ብቻ አልረካም። አንዱን በቤቱ አኑሮ ተመለከተው። ሥጋ በል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ቀኑን ሙሉ ምግብ ከልክሎ ከአንዲት ጫጩት ጋር በአንድ ቀፎ ዘጋበት፤ በማግሥቱ ሽኮኮው በረኀብ ተጎሳቁሎ፣ ጫጩቷ ግን ምንም ሳትሆን ተገኘች። ከዚያም ትንንሽ ወፎችን ለብዙ ሳምንታት አብሮ አስቀምጦ ያንኑ ውጤት አገኘ። በመጽሐፍ ቅዱስ ሻፋን የተባለው ጥንቸል ሳይሆን ይኸው እንስሳ መሆኑን ከአኗኗሩ ተነሥቶ አስረዳ። ዋናው ማስረጃውም እንስሳው ከአለት የማይለይ መሆኑ ነበር፤ ጥንቸል በሜዳ ትኖራለችና።

ይሁን እንጂ ብሩስም በአንድ ነገር ከውጭ መልክ አላለፈም። እንስሳው አፉን ዘወትር ሲያንቀሳቅስ አይቶ ያመሰኳል ሲል በእርግጠኝነት ጻፈ። የኋላ ዘመን ምርመራ እንዳሳየው ሽኮኮ እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የለውም፤ የዋጠውንም መልሶ አያኝክም። ጠንካራውን ሣርና ቅጠል የሚፈጭለት በጨጓራው፣ በሰፊው ዕውር አንጀቱና ከዚያ ዝቅ ብሎ በሚገኙ ሁለት ቀንድ መሰል የአንጀት ከረጢቶች ውስጥ የሚኖር የረቂቃን ተሕዋስያን ብዛት ነው። ውጤቱ ከሚያመሰኳ እንስሳ ጋር ይቀራረባል፤ መንገዱ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው።

ከቆዳ ወደ አጥንት

ከብሩስ መጽሐፍ በፊት ሌላ ስሕተት ከደቡብ አፍሪካ ተነሥቶ ነበር። በኬፕ የሰፈሩት ሆላንዶች እንስሳውን በአገራቸው በሚያውቁት በሌላ ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ስም «ዳሲ» ብለው ይጠሩት ነበር። ከዚያ ወደ አውሮፓ የተላከውን የመረመረው ፓላስ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ በ1766 ጊኒ ፒግ ከሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ ጋር አንድ ወገን አደረገው። ስቶር የተባለ ሌላ ሊቅም በ1780 «ፕሮካቪያ» የሚል የወገን ስም አወጣለት፤ በስሙ ውስጥም የጊኒ ፒግ ስም እስከ ዛሬ ተቀብሮ ይገኛል። በ1783 ደግሞ ሄርማን ከግሪክ ቋንቋ «ሂራክስ» የሚለውን ስም ወሰደለት፤ ይህም በጥንቱ ግሪክ የሌላ ትንሽ አይጥ መሰል እንስሳ ስም ነበር። ሄምፕሪክና ኤረንበርግ የተባሉት ጀርመናውያን ከቀይ ባሕር ዳርቻ የሰበሰቡት በ1832 የሐበሻን ስም አግኝቶ «ሐበሲኒካ» ተባለ። ከሁለቱ ሄምፕሪክ ጽሑፉ ሳይታተም በ1825 በምጽዋ ሞቶ ነበር።

ነገሩን የለወጠው ፈረንሳዊው ኩቪየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቆዳውን ትቶ አጥንቱንና ጥርሱን መረመረ። የመንጋጋ ጥርሱ በቅርጹ የአይጥ ሳይሆን የአውራሪስ ሆኖ አገኘው። የፊት እግሩ አራት፣ የኋላ እግሩ ሦስት ጣቶች ያሉት ሲሆን፣ የአብዛኞቹ ጫፎችም ጥፍር ሳይሆኑ ሰኮና የሚመስሉ ናቸው። ኩቪየ ስለዚህ ይህን ጥንቸል የሚያህል እንስሳ ከአይጥ ተራ አውጥቶ ከታላላቆቹ ወፍራም ቆዳ እንስሳት ጋር ቆጠረው። በ1869 ሃክስሊ ለብቻው ክፍለ መደብ ሰጠው። በ1945 ሲምፕሰን ከዝሆንና ከባሕር ላም ጋር በአንድ ታላቅ ወገን መደበው። በ1990ዎቹ የዘር ቅንጣት ምርመራ ሲስፋፋም ይህ ዝምድና ጸንቶ ተገኘ፤ ሽኮኮ፣ ዝሆንና የባሕር ላም ከአፍሪካ ምድር ከበቀለ ከአንድ ጥንታዊ ግንድ የወጡ ናቸው።

ይህን ካወቁ በኋላ ሽኮኮን መመልከት ሌላ ነገር ያሳያል። ከላይኛው መንጋጋው የሚወጡት ሁለት ሹል ጥርሶች ዕድሜውን ሙሉ የሚያድጉ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የዝሆን ጥርስም እንዲሁ የፊት ጥርስ ነው። የእርግዝናው ጊዜ ሰባት ወር ተኩል ያህል ነው፤ በመጠን የምትቀርበው ጥንቸል ግን በአንድ ወር ትወልዳለች። ግልገሉም እንደ ጥንቸል ልጅ ዕራቁቱንና ዓይኑን ጨፍኖ አይወለድም፤ ፀጉር ለብሶ፣ ዓይኑን ከፍቶ ይወለዳል፤ ብዙም ሳይቆይ በድንጋይ ላይ ይሮጣል።

የጭልጋ ምስክርነት

ሽኮኮ ሁልጊዜ ትንሽ አልነበረም። በግብፅ ፋዩም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአጥንት ቅሪቶች እንደሚያሳዩት በዚያ ዘመን የሽኮኮ ወገኖች በአፍሪካ ሣርና ቅጠል በል ከሆኑት እንስሳት ዋነኞቹ ነበሩ። ከጥንቸል መጠን ጀምሮ አውራሪስ እስከሚያህል ድረስ ልዩ ልዩ ዓይነት ነበራቸው።

የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ በአገራችን ተጽፏል። ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ በተደረገ ቁፋሮ ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆነ የእንስሳት ቅሪቶች ተገኝተው፣ ውጤቱ በ2003 ለዓለም ሳይንስ ቀርቧል። ከዝሆን ጥንታውያን ዘመዶች ጋር ልዩ ልዩ የጥንት ሽኮኮዎች በአንድ ላይ ተገኙ። ብሩስ ሽኮኮውን ካየበት ከደብረ ፀሐይ ብዙ ሳይርቅ የሽኮኮ ቅድመ አያቶች በድንጋይነት ተኝተው ነበር ማለት ነው።

የደጋው ምድራችን ዋና አካል የሆነው የባዛልት ድንጋይ በብዛት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የጭልጋ ሽኮኮዎች የኖሩትም ፍሰቱ ከበረደ በኋላ በተፈጠሩ ሐይቅና ረግረግ አካባቢዎች ነው። ያን ጊዜ ገደል አያስፈልጋቸውም ነበር። በኋላ የአፍሪካና የዓረብ ምድር ከእስያ ጋር በመገናኘቱ የሚያመሰኩ እንስሳት ወደ አፍሪካ ገቡ፤ ሜዳውንም ቀስ በቀስ ወረሱት። ከሽኮኮ ወገኖች ታላላቆቹ ጠፉ። የተረፉት ጥቂቶች ትንንሾቹ ናቸው፤ ከእነዚህም የአገራችን ሽኮኮዎች ሌላው ሊከተላቸው በማይችልበት በአለት ንቃቃት ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። ባዛልቱ ቀዝቅዞ ሲሰነጠቅ፣ ወንዞችም ገደል አድርገው ሲቀርጹት፣ ለእነዚህ ቅሪቶች መጠጊያ ሆነ።

የማይቆፍር እንስሳ

ሽኮኮ ከአለት ጋር የተዛመደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የእግሩ አሠራር ነው። የእግሩ ሥር ፀጉር የሌለው፣ እንደ ጎማ የለሰለሰ፣ በላብ ዕጢዎች ዘወትር የሚርስ ነው። የመሃሉን ክፍል ወደ ላይ የሚስቡ ጡንቻዎች ስላሉት በተጫነ ጊዜ ድንጋዩን ይይዛል። ቀጥ ባለ አለት ላይ ሳይንሸራተት የሚወጣው በዚህ ነው።

ሁለተኛው የሙቀቱ ነገር ነው። ሽኮኮ የሰውነቱን ሙቀት በመጠበቅ ረገድ ከብዙዎቹ አጥቢ እንስሳት ይደክማል። ስለዚህ ማለዳ ፀሐይ ይሞቃል፤ በቀትር ጥላ ይገባል፤ ሌሊት በንቃቃት ውስጥ ተጠጋግቶና ተደራርቦ ያድራል። አብዛኛውን ጊዜውን ያለ እንቅስቃሴ ያሳልፋል። የአለት ስንጥቅ ሌሊት ከውጭው አየር የሞቀ፣ ቀን የቀዘቀዘ በመሆኑ የጎደለውን ይሞላለታል። ከጥቁር ንስርና ከነብርም ይሰውረዋል።

ሆኖም ሽኮኮ ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ጎጆም አይሠራም። የሚኖረው ተሠርቶ በቆየለት ክፍተት ብቻ ነው። በአንድ ቦታ ስንት ሽኮኮ ሊኖር እንደሚችል በአብዛኛው የሚወስነው አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ የሆነ ንቃቃት ብዛት ነው። ይህች ነጥብ ለሚቀጥለው ነገር ሁሉ መሠረት ናት።

በአለቱ ውስጥ የተደበቀው

በአገራችን ደጋ ፊትን አቁስሎ ጠባሳ የሚያስቀር ቁንጭር የሚባል በሽታ ከጥንት ጀምሮ ይታወቃል። አይገድልም፤ ነገር ግን በልጅነት የተያዘ ሰው ምልክቱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ አንዳንዱም ለዓመታት በመላ ሰውነቱ ተሠራጭቶ በቀላሉ የማይድን ይሆናል። በ2012 የታተመ ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች እንደሚያዙ አመልክቷል።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ በሥርዓት መመርመር የተጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በእንዶድ ምርምራቸው የታወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደጋው ስላለው ቁንጭር ያደረጉትን የመጀመሪያ ጥናት በ1969 አሳተሙ። አሽፎርድና ባልደረቦቹ በ1973 ያወጡት ጥናት ደግሞ ምሥጢሩን ገለጠ። በወሎ ኩታበር፣ በጋሞ ደጋ ኦቾሎና በወለጋ አለኩ በተደረገው ምርመራ የበሽታው ተሕዋስ ሳይታመሙ በሚሸከሙት በሽኮኮዎች አካል ውስጥ ተገኘ። ተሕዋሱም በዚያው ዓመት «ሊሽማንያ ኤትዮፒካ» ተብሎ በአገራችን ስም ተሰየመ።

ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ የምትባል እጅግ ትንሽ ነካሽ ዝንብ ናት። ዝንቧ እርጥበትና ብስባሽ ባለበት፣ የሽኮኮ ኩስ በተከማቸበት የዋሻና የንቃቃት አፈር ውስጥ ትራባለች። ሌሊት ትወጣለች። በረራዋ ደካማ በመሆኑ ከዋሻዋ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ በሽታው በአንድ ወረዳ ውስጥ እንኳ እኩል አይሠራጭም፤ ከገደል ሥር ያለው መንደር ሲያዝ ሜዳ ላይ ያለው ጎረቤቱ ነፃ ሊሆን ይችላል። የኦቾሎ ቤቶች በራሳቸው በቋጥኞች መካከል የተሠሩ በመሆናቸው መንደሩ ለተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ዋና የጥናት ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

ሰው የሚሠራለት ቤት

እስከዚህ ድረስ ሽኮኮ በተፈጥሮ ገደል ይኖራል፤ ሰው ከገደሉ ቢርቅ ይድናል የሚያሰኝ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእስራኤል ገሊላ የተደረገ ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። በዚያ የቁንጭር ወገን የሆነ በሽታ በሽኮኮ አማካይነት ይተላለፋል። አዳዲስ መንደሮች ሲሠሩ ከመሠረትና ከመንገድ የወጣው ትልልቅ ድንጋይ በመንደሩ ዳር ተከምሮ ይቀራል። በክምሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ለሽኮኮ የተመቸ ሆነ፤ ሽኮኮ ገባ፤ የአሸዋ ዝንብም ተከተለችው። በተፈጥሮ ገደል ያልነበረበት ሰፈር በግንባታ ምክንያት ሰው ሠራሽ ገደል ጎረቤት አገኘ ማለት ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ መሐንዲስ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በደጋው ቁልቁለት መንገድ ሲቀደድ በፈንጂ የፈረሰው ባዛልት ከመንገዱ በታች ይለቀቃል። የድንጋይ ካባው ሥራው ሲያልቅ ግድግዳው ተሰንጥቆና ፍርስራሹ ተከምሮ ይተዋል። ሠራተኛው የሚሰፍረው፣ በኋላም መንደር የሚቆረቆረው ብዙ ጊዜ ከዚያው አጠገብ ነው። በእነዚህ ቦታዎች አለቱ ለግንባታ ያለው ጥንካሬ ሲመረመር ክፍተቱ የማን መኖሪያ እንደሚሆን አብሮ መታየት ይገባዋል። መፍትሔውም ለሙያው እንግዳ አይደለም። ትርፍ ድንጋይን ከመኖሪያ ማራቅ፣ የማይርቀውን በደቃቅ ጠጠርና አፈር ሞልቶ ማጥበቅ፣ በቤት አጠገብ ያለውን ደረቅ ካብ ክፍተቱን መድፈን፣ የሠራተኛ ሰፈርን ሽኮኮ ከሚታይበት አፋፍ ማራቅ፣ ሁሉም በሥራ ዝርዝርና በዋጋ ሰነድ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ተራ ሥራዎች ናቸው። ይህንንም የቦታ ጥናት በሚደረግበት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር መማከር ሙሉ ያደርገዋል።

ከዚህ ይልቅ እንስሳውን ማጥፋት ይሻላል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ክፍተቱ እስካለ ድረስ ባዶውን ንቃቃት ሌሎች ሽኮኮዎች መጥተው ሊይዙት ይችላሉ። ደግሞም የሽኮኮ መኖሪያ ሌላ ዋጋ አለው። ሽኮኮዎች ትውልድ ከትውልድ በአንድ ቦታ ላይ የመጸዳዳት ልማድ አላቸው። ከዝናብ በተጠለለ አለት ሥር ሽንታቸውና ኩሳቸው ደርቆና ጠጥሮ ንብርብር ይሠራል። በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ የተገኙት አንዳንዶቹ ንብርብሮች እስከ 50,000 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በውስጣቸው ከተያዘው የአበባ ብናኝና ከሌሎች ምልክቶች የጥንቱ ዝናብና ድርቅ እንዴት ይፈራረቅ እንደ ነበር ይነበባል። የዝናብ መዝገቡ ከመቶ ዓመት ብዙ በማያልፍበት አህጉር ውስጥ ድልድይና ግድብ ለሚነድፍ ባለሙያ እንዲህ ያለው መዝገብ ቀላል ሀብት አይደለም። በሽታውን የሚያስጠጋውም፣ የጥንቱን ዝናብ ጽፎ የሚያቆየውም ያው የአለት ንቃቃት ነው።

ሽኮኮን ጥንቸል ያሉት፣ አይጥ ያሉት፣ ጉዳት የለሽ ያሉት ሁሉ ያዩት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ምርመራቸውን ግን ከቆዳው ላይ አቆሙት። በሜዳ ዕጣውን ያጣው ይህ የዝሆን ዘመድ ቤቱን ራሱ አይሠራም፤ ተፈጥሮ በገደሉ ካበጀችለት ሌላ የሚሠራለት ሰው ነው። የድንጋዩ ክምር የሚወድቅበት ቦታ በንድፍ ወረቀት ላይ ሲወሰን የሽኮኮውም ሰፈር፣ የዝንቧም ሰፈር፣ በዚያ አጠገብ የሚያድጉት ልጆች ፊትም አብሮ ይወሰናል።